የጠፋችው መቀነስ

ቢቸና፣ ሰኞ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለሚመለከተው ሁሉ። እኔ መምህር ታዘበው፣ በቢቸና ከተማ የፊዚክስ መምህር፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ተጠናቆ እስኪጠረዝ ድረስ ከዛሬ ጀምሮ ጢሜን የማልላጭ መሆኔን በታላቅ ጥሞና አስታውቃለሁ። ውሳኔው የተላለፈው በሙሉ ድምፅ ነው። በስብሰባው ላይ የተገኘነው እኔ፣ መስታወቱና የደነዘው ምላጭ ነን። ባለቤቴ ማናለሽ ተቃውሞዋን በቃል አሰምታለች፤ በቃለ ጉባኤ አልተያዘም።

ምክንያቱ የሚከተለው ነው። የክረምት ተማሪ ነኝ። ለማስተርስ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ ስመላለስ አምስት ክረምት አለፈ። የማስረከቢያው ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሞልኛል። አማካሪዬ ዶክተር አንዷለም በስድስት ዓመት ያንሰኛል፤ በስልክ ግን አንቱ እለዋለሁ። ባለፈው ሳምንት «ሰኔ 13 የመጨረሻው ነው። ከዚያ በኋላ ስምህ ከመዝገብ ይወጣል» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

በመምህራን ማረፊያ ምክትል ርዕሰ መምህራችን ፋንታ የጽሑፌን ርዕስ ጠየቀኝ። ተነሥቼ ነገርኩት፦ በድርብርብ ኦርጋኒክ ሞለኪውላዊ አስተላላፊዎች ውስጥ የዲራክ ኤሌክትሮኖችና ቶፖሎጂያዊ ሁኔታዎች። ፋንታ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ኦርጋኒክ? ኮምፖስት ነው?»

«አይደለም። ካርቦን ያለባቸው ሞለኪውሎች ናቸው። እንደ ደብተር ገጽ ተደራርበው ይቀመጣሉ። ኤሌክትሮኑ በአንዱ ገጽ ላይ እንደ ልቡ ይሮጣል፤ ከገጽ ወደ ገጽ መዝለል ግን ይከብደዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በኃይለኛ ግፊት ሲጨመቅ፣ ክብደት የሌለው ይመስል መብረር ይጀምራል። የዲራክ ኤሌክትሮን የሚባለው ያ ነው።»

«እኛስ ከተጨመቅን ስንት ዓመታችን!» አለ ፋንታ። «ማንም በርሮ አላየሁም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ወጥተን ስንሄድ ግን ክንዴን ያዘና፣ «ስትመረቅ የትምህርት ክፍል ኃላፊነቱ ያንተ ነው። ለወረዳ ጽፌያለሁ። እንዳታሳፍረኝ» አለኝ። ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ከሳቁ ይልቅ ቆየችብኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26

ማናለሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ማንም ስለማያዳምጠኝ ለራሴ ላስረዳ።

በዚህ ድርብርብ ነገር ውስጥ የላይኛውና የታችኛው የኃይል ደረጃ በሁለት ነጥቦች ላይ ብቻ ይነካካሉ፤ ጫፍ ለጫፍ እንደገጠሙ ሾጣጣ ቆቦች። አንድ ነገር ነካ አድርጎ ቆቦቹን ሲያላቅቃቸው እያንዳንዱ ነጥብ ግማሽ ያዋጣል። ግማሽ ብቻ። ሁለቱ ግማሾች አንድ ዓይነት ምልክት ካላቸው ድምሩ አንድ ነው። ያኔ መሐሉ ዝም ብሎ፣ በጠርዙ ዙሪያ ግን ማንም የማያግደው ኤሌክትሪክ ይፈስሳል። ቢያጣምሙት፣ ቢያቆሽሹት አይጠፋም። ቶፖሎጂ የሚሉት ጌጥ እሱ ነው። አንዱ ግማሽ መደመር ሌላው መቀነስ ከሆነ ግን ድምሩ ዜሮ ነው። ጠርዝ የለም፣ ጌጥ የለም፣ ተራ ድንጋይ ነው።

እኔ አንድ ነው ብያለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በሴሚናር ተናግሬያለሁ። በርዕሱ ላይ ጽፌያለሁ። ለማናለሽም ነግሬያታለሁ፤ እሷ «ጎሽ» ብላለች።

ዛሬ አራት ጊዜ አሰላሁት። ሦስት ጊዜ አንድ ወጣ። አራተኛው ላይ ደክሞኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

ታላቅ የሕዝብ አደጋ ደርሷል።

ጠዋት ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ኢየሱስ በመንገድ አገኙኝ። የዐሥር ቀን ጢሜን አዩ፣ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ልጄ! ማንን አጣህ?» ክፍለ ጊዜ ረፍዶብኝ ነበርና፣ «ኧረ እማሆይ፣ ማታ እነግርዎታለሁ» ብዬ ሮጥሁ። በዚህ አገር ወንድ ጢሙን የሚተወው ሰው ሲሞትበት መሆኑን አላጣሁትም። ኤሌክትሮኖቹ አስረስተውኝ እንጂ።

ከሰዓት ስመለስ ግቢዬ ውስጥ የእድር አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። የድንኳን ቋሚ ተጋድሟል። ዐሥራ አምስት ያህል ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ማናለሽ በሩ ላይ ቆማለች፤ ፊቷን ልገልጸው አልሞክርም።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ የመጀመሪያው።

«ማንም አልሞተብኝም!»

አንድ ሽማግሌ ቀና ብሎ፣ «ታዲያ ጢሙ?»

«ጽሑፍ ይዞኝ ነው።»

«ጽሑፍ ገደለህ በለኛ!» አሉ እማሆይ።

ሰው ከመጣ አይመለስም፤ ንፍሮው ደግሞ ተቀቅሏል። በልተው፣ ተሳስቀው፣ ስለ ዝናቡ ተነጋግረው ተነሡ። የእድሩ ዳኛ ቋሚውን ሲያስጭን ነገ ተላጭቼ እንድታይ አዘዘኝ፤ ሚያዝያ 20 የተላለፈው ውሳኔ በበላይ አካል ተሽሯል። እማሆይ ግን መጨረሻ ወጡ፣ በሩ ላይ ዞር አሉ። «ሰው ሳይሞትብህ አትዘን፣ ልጄ። የሞተብህ ነገር ካለ ደግሞ አትደብቅ።»

ምንም አልሞተብኝም። ዛሬም አሰላሁ። አንድ ነው ማለት ይቻላል።

ሞጣ፣ ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

ጽሑፉን ለማስተየብ ሞጣ መጣሁ። ሚኒባሱ ግንደወይን ላይ ጎማ ቀየረ፤ ስድሳ አራት ገጽ የእጅ ጽሑፍ አቅፌ መንገድ ዳር ቆምኩ።

ቢቸና ታይፒስት የለም ማለት አይደለም። ያለው ሰውዬ ግን ባለፈው የኢንተግራል ምልክቱን የዓሣ መንጠቆ መስሎት ከሥዕሎች ውስጥ ሲፈልግ ዋለ። እኩልታ የሚተይብ ሰው ሞጣ፣ አቶ ሳሊህ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነው ያለው። የምትተይበው የወንድሙ ልጅ ሂዳያ ናት። ከዝውውሬ በፊት እዚሁ ሞጣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ነበር፤ እናቷ ታመመችና ቀረች። አሁን እናቷ የምትኖረው በሷ ጣቶች ነው። እሷ ስትተይብ እኩልታው እንደ ሠራዊት ተሰልፎ ይቆማል።

«ቲቸር፣ ይሄን ሁሉ እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

«ሌላ ማን ይጽፈዋል?»

«የክፍሉን ጥቁር ሰሌዳ አጥፍተው አያውቁም ነበር እኮ። ሁሌ ቸኩለው።»

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ዛሬ ምዕራፍ አራት ላይ ደርሳለች። ጎኗ ተቀምጬ አያለሁ። ድንገት ቆመች።

«ቲቸር፣ ገጽ 38 ላይ ያለችው መቀነስ ገጽ 40 ላይ የት ሄደች?»

«ከሌላ መቀነስ ጋር ተጣፍታለች።»

«ከየትኛዋ? ሌላ አላየሁም።»

«ሂዳያ፣ አንቺ ተይቢ፣ እኔ ላስብ።»

«እሺ። ሲያስቡ ግን ገጽ 39ንም ያስቡበት።»

ሳሊህ ከባንኮኒው ጀርባ ሳቀ። «መምህር፣ ይቺን ልጅ እንዲህ አድርገው ያስተማሩብኝ እርስዎ ነዎት! አሁን ይቻሏት።»

ከ38 እስከ 40 ያሉትን ገጾች «ለማጣራት» ብዬ ይዤ ወጣሁ። የታይፒስት ጥያቄ ነው። ታይፒስት የሚመስላት ይመስላታል።

ቢቸና፣ እሑድ፣ ግንቦት 10

ስድስት ጊዜ አሰላሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ነጥቦች አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ናቸው። በአንዱ ዙሪያ ወደ ቀኝ የሚዞረው በሌላው ዙሪያ ወደ ግራ ይዞራል። ይህን እኔው ራሴ ገጽ 12 ላይ በጥሩ አማርኛና በመጥፎ እንግሊዝኛ አስረድቼዋለሁ። ስለዚህ ሁለተኛው ግማሽ መቀነስ አለበት ሊባል ይችላል። ሊባል ይችላል ነው ያልኩት።

የስድስቱን ስሌት ውጤት እዚህ ማስፈር አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።

ማናለሽ፦ «ምነው ገረጣህ?»

«ብርሃኑ ነው።»

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

የሦስት ክፍል ፈተና መታረም አለበት። መብራት የለም። ላጲስ ገዛሁ። ለተማሪዎች። ጥሩ ላጲስ ነው፤ ሻጩ ምልክት አያስቀርም ብሏል።

ሞጣ፣ ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ገጾቹን ለሂዳያ መለስኩ። ገጽ 38ን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። ብዙ ቆየች።

«ይሄ ወረቀት ሳስቷል» አለች።

«የቢቸና ወረቀት እንዲህ ነው።»

ወረቀቱን አስተካክላ አስቀመጠችና ያለ መቀነስ ተየበች። ስትተይብ ሌላ ጊዜ ታንጎራጉራለች። ዛሬ አላንጎራጎረችም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

በዓል ነው፣ ትምህርት የለም። ሞጣ ደርሼ መጣሁ። ጽሑፉ አለቀ። መጨረሻ ላይ ከታከለው የማጣቀሻ ዝርዝር ጋር ሰባ አንድ ገጽ። ሂዳያ ለዶክተር አንዷለም በኢሜይል ላከችው። ሳሊህ «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ ሁለት እጄን ጨበጠ። እንቅልፌ መምጣት ነበረበት። ይመጣል።

ቢቸና፣ ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዶክተር አንዷለም ደወለ። ከክፍል ወጥቼ አነሣሁት።

«ታዘበው፣ ገጽ 12 ላይ ሁለቱ ነጥቦች ተቃራኒ ናቸው ብለሃል። ገጽ 38 ላይ ግን መቀነሷ የለችም። ምንድን ነው ይሄ?»

«የታይፒስት ስሕተት ነው» አልኩ።

እንዲህ ፈጥኜ መልስ የሰጠሁበት ፈተና በሕይወቴ የለም።

«የት ነው ያስተየብከው?»

«ሞጣ። ሳሊህ ቤት።»

«እዚያ የሚያስተይቡ ሌሎች ሦስት ተማሪዎች አሉኝ። እንዲጠነቀቁ እነግራቸዋለሁ። አንተ ምልክቷን መልሳትና ድምሩን ደግመህ አስላ። አንድ መሆኑን አሳየኝ።»

ወደ ክፍል ስመለስ ተማሪዎቹ ጸጥ ብለው ጠበቁኝ። ጸጥ የሚሉት የታመመ መምህር ሲያዩ ነው።

ለመዝገብ ያህል፦ ሂዳያ ናት የሳተችው። ሰባ አንድ ገጽ እኩልታ ነው፤ ሰው ነች፣ ትስታለች። ደግሞ ምን ይደርስባታል? አሁን የሚያስፈልገኝ አንድ ሌላ መቀነስ ማግኘት ብቻ ነው። ሁለት መቀነስ ተጣፍተው መደመር ይሆናሉ። ሰባ አንድ ገጽ ውስጥ አንድ መቀነስ አይጠፋም።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ሁለተኛዋ መቀነስ አልተገኘችም። ምዕራፍ ሁለትና ሦስት ተፈትሸዋል።

ሳሊህ ደወለ። «መምህር፣ ሦስት ሰዎች ሥራቸውን ከኛ ወሰዱ። ዶክተሩ እዚያ አታስተይቡ ብሏል አሉ። ልጅቷን ከኮምፒውተሩ አንሥቼ ፎቶ ኮፒ ላይ አድርጌያታለሁ። ምን ብታጠፋ ነው? እሷን ብጠይቃት ዝም። እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ!»

«ሃሎ? ሃሎ? አቶ ሳሊህ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ብዬ ዘጋሁት።

ኔትወርኩ ደኅና ነበር።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ዝናቡ ገባ። የክፍሉ ቆርቆሮ ሲጮህ ማስተማር አይቻልም፤ ደስ አለኝ። በስብሰባ ላይ ፋንታ ተነሥቶ፣ «ከመሐላችን አንድ ወንድማችን በቅርቡ ያኮራናል» አለ። አጨበጨቡ። ጥፍሬን አየሁ።

ቤት ስገባ ማናለሽ ስልኬን በእጇ ይዛ ጠበቀችኝ። ረስቼው ሄጄ ነበር።

«ሳሊህ የሚባል ሰው ሦስት ጊዜ ደወለ። ሂዳያ ማናት?»

«ታይፒስት።»

«ሰው ከሥራዋ አስነሥተሃል?»

«የምልክት ጉዳይ ነው እንጂ የሰው ጉዳይ አይደለም።»

«ምልክቱን ማን አጠፋው?»

ካልሲዬን ማውለቅ ጀመርኩ። እርጥብ ካልሲ ጊዜ ይወስዳል።

ማናለሽ የጤና ጣቢያው ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። አንዲት ነጥብ ያለ ቦታዋ ብታስቀምጥ ሰው ይሞታል። ይህን አልተናገረችም። እራቱን አቀረበች፣ «ብላ» አለችኝ፣ እሷ ግን አልበላችም።

ሞጣ፣ ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

በጠዋቱ ሚኒባስ መጣሁ። ይህን የምጽፈው መመለሻ መኪና እየጠበቅሁ ነው፤ ረጅም ነው፣ መኪናውም አይመጣም።

ሂዳያ ፎቶ ኮፒው ጋ ቆማ የሰው መታወቂያ ታባዛለች። ስታየኝ አልተገረመችም።

«ደኅና ነዎት ቲቸር? የሚባዛ አለዎት?»

«የእጅ ጽሑፌ የት አለ?»

ከመሳቢያው በፖስታ የታሸገ አወጣች። ሌላ ወረቀት እንዳይነካካው በክር አስራዋለች። ገጽ 38ን አውጥታ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችልኝ።

«ጣትዎን እዚህ ያድርጉ» አለች።

አደረግሁ። የተፋቀው ቦታ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሆኗል። ትንሽ ብጫነው ጣቴ ያልፋል።

«ይህ በእጅሽ እያለ ለምን ለአጎትሽ አላሳየሽውም? ነጻ ያወጣሽ ነበር።»

«የደንበኛ ወረቀት ለሌላ ሰው አናሳይም። የሥራችን ደንብ ነው። አጎቴም ቢሆን ሌላ ሰው ነው።»

«ያን ጊዜስ ለምን ዝም አልሽኝ? ሳስቷል ብለሽ ዝም?»

«ሁለት ጊዜ ጠየቅሁዎት» አለች። «ሦስተኛ ብጠይቅዎ መስደብ ይሆናል። አስተማሪዬ ነዎት።»

ሳሊህ ከውስጥ ወጣ። ቆመ። ሰላም አላለኝም፤ ልክ ነው።

«አቶ ሳሊህ» አልኩ፣ «ስሕተቱ የልጅቷ አይደለም። የኔ ነው።»

«ታዲያ ለዶክተሩ እንዲያ ያሉት ምን ሆነው ነው?»

«ፈርቼ ነው።»

«እኛስ አንፈራም?» አለ።

ያኔውኑ እፊታቸው ቆሜ ለዶክተር አንዷለም ደወልኩ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት፤ እንዲሰሙ። «ታይፒስቷ አልሳተችም። በእጅ ጽሑፌም ላይ መቀነሷ የለችም። መኖር ነበረባት። ድምሩ ዜሮ ነው» አልኩት።

«ዜሮም ውጤት ነው እኮ፣ ታዘበው። በሚያዝያ ብትነግረኝ ኖሮ ዜሮ ብለን እንጽፈው ነበር።»

«አዎ።»

«አሁን ርዕሱም፣ ምዕራፍ አራትም፣ መደምደሚያውም ይለወጣል። በስድስት ቀን አይሆንም። ማራዘሚያም የለህም።»

«ዐውቃለሁ።»

«ስምህ ይወጣል።»

«ዐውቃለሁ። ለሦስቱ ተማሪዎች ግን ይደውሉላቸው።»

«እደውላለሁ» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ውስጥ ቁጣ ሰማሁ። እንዳሰብኩት አላሳረፈኝም።

ከዚያ በሩ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ እንዲጻፍ ጠየቅሁ። ሳሊህ ወደ ሂዳያ፣ ከዚያም ወደ ኮምፒውተሩ አገጩን አመለከተ። ተቀመጠች። እኔ እያነበብኩ፣ እሷ እየተየበች።

«ለተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ደንበኞች፣ እንዲሁም በዕውቀት ጎዳና ለምትጓዙ ሁሉ፣ በታላቅ ትሕትና...»

«ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ትሕትና በሩ ላይ አይበቃም። መቀነሷን ያስቀረሁት እኔ ነኝ ይበሉ፣ አለቀ።»

«እሺ። ‹መቀነሷን በስሕተት ያስቀረሁት እኔ መምህር ታዘበው ነኝ፤ ታይፒስቷ ሂዳያ አልሳተችም›።»

«በስሕተት» የምትለዋ ላይ ጣቶቿ ቆሙ። አላየችኝም። ከዚያ ተየበቻት። ያዘዝኳትን ነው የተየበችው።

ቢቸና፣ ሰኞ፣ ሰኔ 9

ለፋንታ ነገርኩት።

«ዜሮ?»

«ዜሮ።»

«አምስት ዓመት ለዜሮ!» ግድግዳውን ተደገፈ። «ለወረዳ የጻፍኩትን ደብዳቤ ምን ላድርገው?»

«መቀነስ ጨምርበት» አልኩት። ሳቅ አልመጣለትም። ለኔም አልመጣልኝም።

ለማናለሽም ነግሬያታለሁ። «በላህ?» አለችኝ። አብረን በላን።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

የማስረከቢያው ቀን ነው። ከሰዓት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተዘግቷል። በዚያ ሰዓት ሰሌዳ እያጠፋሁ ነበር።

ሳሊህ ደወለ። ሂዳያ ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሳለች። ሁለቱ ተማሪዎች ሥራቸውን ይዘው መጥተዋል። ሦስተኛው ግን አልመጣም።

«ለምን?» አልኩት።

«ማስታወቂያውን አንብቦ ነው የቀረው። ‹መምህሩ ደግ ሰው ናቸው፤ የልጅቷን ስሕተት አዝነውላት በራሳቸው ላይ አደረጉት› ብሎ ለሰው ሁሉ ያወራል። እዚህ ከተማ ስምዎ ገንኗል፣ መምህር» አለና እንደመሳቅ ብሎ ተወው። «እሷ ግን ለዚህ ወሬ ምን ትመልስ?»

ስልኩን ዘግቼ ወረቀት አወጣሁ። ደክሞኛል። ቢሆንም ይህን ጻፍኩ፤ በነገው የጠዋት ሚኒባስ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ፤ ከበሩም ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ።

እርማት

አንደኛ፣ በግንቦት 27 ቀን 2006 ዓ.ም. «ሂዳያ ናት የሳተችው» ተብሎ የሰፈረው ሐሰት ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዟል።

ሁለተኛ፣ በሰኔ 7 ቀን በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ «በስሕተት ያስቀረሁት» የሚለው፣ «የመቀነስን ቦታ ዐውቄ፣ ድምሩ ዜሮ መሆኑን አስልቼ፣ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠኝ በኋላ፣ በግንቦት 12 በገዛሁት ላጲስ ሆን ብዬ ያጠፋኋት» ተብሎ ይነበብ።

ሦስተኛ፣ ደግነት የሚባል ነገር አልተፈጸመም።

ታዘበው (ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለዶክተር አንዷለም
ለአቶ ሳሊህ
ለሂዳያ